«ሆዱ ደርቋል» የተባለው ነብሮ፦ የአንድ ወንድ ድመት የሽንት መዘጋት ጉዳይ ከጅማ

ነብሮ የአራት ዓመት ወንድ ድመት ነው፤ አልተኮላሸም። የሚኖረው ጅማ ሂርማታ አካባቢ፣ ከፊት መኖሪያ ቤት ከጓሮ የቡናና የእህል መጋዘን ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። ሥራው አይጥ ማባረር፣ ደመወዙ ከማዕድ የሚተርፈው ነው። በዓቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ እሁድ ማግስት፣ ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በካርቶን ተደርጎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ መጣ። ይዘውት የመጡት የቤቱ እመቤት ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ «ዶክተር፣ ሆዱ ከደረቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዘይት ባጠጣውም አልፈታው አለ።»

ሆዱ አልደረቀም። የተዘጋበት ሽንቱ ነው። ያቺ «ድርቀት» የምትባል ቃል 39 ሰዓት በልታለች፤ ወንድ ድመት ሽንቱ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋበት ደግሞ በአብዛኛው ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም።

ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት

ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ የቤቱ ልጅ ነብሮን ከመጸዳጃ ሳፋው ላይ ደጋግሞ ሲወጣና ሲገባ አየው። ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፣ ይወርዳል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይመለሳል። ሳፋው ውስጥ የነበረው የቡና ገለፈት ነው። ጅማ ላይ ገለፈት በነፃ ስለሚገኝና ሽታ ስለሚይዝ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ ነገር ግን ጥቁር ቡናማ በመሆኑ በላዩ የወደቀ የደም ጠብታ አይታይም፤ እርጥብ ይሁን ደረቅም በዓይን አይለይም። የዚያን ማታ ነጭ ወረቀት ወይም አሸዋ ቢሆን ኖሮ ሮዝ ጠብታዎቹ ይታዩ ነበር።

እሁድ ጠዋት ድመቱ ሲያምጥ ድምፅ ማውጣት ጀመረ፤ ብልቱን ያለማቋረጥ ይልሳል፤ ሲሚንቶው ወለል ላይም ቁጢጥ አለ። ቤተሰቡ ድርቀት ነው ብሎ ደመደመ፤ በስሪንጅ ሁለት የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት አፉ ውስጥ ተጨመረ። ድመቱ ሳለ፣ የያዘውንም ልጅ አውራ ጣቱን ነከሰው። ወደ ንክሻው በኋላ እንመለሳለን። ዘይት ለድመት በግድ ማጠጣት በራሱ አደጋ ነው፤ ዘይት ጉሮሮን ስለማይቆረቁር ድመቱ ሳያውቀው ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ ከዚያም በቀላሉ የማይድን የሳንባ ምች ያመጣል። ነብሮ በመሳሉ ተርፏል ማለት ይቻላል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤት ግማሽ ፓራሲታሞል እንዲሰጠው መከረች። ያልተሰጠው አፉን የሚከፍት ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው። ባለ 500 ሚሊግራሙ ክኒን ግማሹ ለ4.4 ኪሎ ድመት በኪሎ 57 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፤ ድመት ግን በኪሎ 10 ሚሊግራም እንኳ ሊመረዝ ይችላል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍበት መንገድ በጣም ደካማ ነው፤ የደሙ ቀይ ሕዋስ ኦክስጅን መሸከም ያቆማል፣ ድዱ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ፊቱ ያብጣል። ለድመት የሚሆን የፓራሲታሞል መጠን የለም፤ ሩቡም አይሆንም።

እሁድ ማታ ሁለት ጊዜ አስታወከ። ሰኞ ጠዋት ከክፍሉ ጥግ ተጋድሞ፣ ጆሮውና መዳፉ በርዶ ተገኘ። ማማጡን አቁሞ ስለነበር የቤቱ ሰው «ትንሽ ተሻለው» ብሎ ነበር። አልተሻለውም፤ አቅም አጥቶ ነው።

ድርቀትና መዘጋት እንዴት ይለያያሉ

ሁለቱም ቁጢጥ ያስብላሉ፣ ሁለቱም ያስምጣሉ፤ ስለዚህ ከሩቅ የሚያይ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ልዩነቱ ያለው ሳፋው ውስጥና ሆዱ ላይ ነው። የደረቀበት ድመት ሽንቱን ይሸናል፤ ሳፋው ውስጥ እርጥብ እብጥ ይገኛል። የተዘጋበት ድመት ሳፋው ደረቅ ነው፣ ወይም ጥቂት ጠብታ ብቻ አለበት፤ ብልቱን ይልሳል፣ በየደቂቃው ይመላለሳል፣ ሰው ሲነካው ይጮሃል።

ሆዱን ለመዳሰስ ድመቱ በቆመበት የእጅ መዳፍን ከሆዱ በታች፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ማድረግ፤ አውራ ጣት በአንድ ጎን፣ አራቱ ጣቶች በሌላው። ባዶ ወይም ግማሽ የሞላ የሽንት ፊኛ ውኃ እንደያዘ የላስቲክ ከረጢት ለስልሶ ይሸሻል፤ መጠኑም ከሎሚ አይበልጥም። የተዘጋበት ፊኛ እንደ ብርቱካን ጠንክሮ፣ ተወጥሮ ይገኛል፤ ድመቱም ያለ ጥርጥር ያማርራል። መዳሰስ ብቻ ነው፤ ሽንቱን ለማስወጣት መጭመቅ ፊኛውን ያፈነዳል። ጠንካራ እብጥ ከተገኘ ዘይትም፣ ወተትም፣ ማሸትም አያስፈልግም፤ ወደ ሐኪም መውሰድ ብቻ ነው። የሚያምጥ ወንድ ድመት ግማሽ ቀን ሽንት ካልታየበት፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈለጋል።

የወንዱ የሽንት ቧንቧ ከፊኛው ሲነሳ ሰፋ ይልና ወደ ብልቱ ጫፍ እየጠበበ ይሄዳል፤ ብልቱ ውስጥ ያለው ክፍል ስፋቱ 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሴቷ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ይህ ችግር የሚያጋጥማት አልፎ አልፎ ነው። ሴት ድመት ስታምጥ መጀመሪያ የሚታሰበው የፊኛ መቆጣት ነው፤ ወንድ ሲያምጥ ግን መዘጋት እስኪወገድ ድረስ መዘጋት ነው።

ክሊኒክ ሲደርስ

ሙቀቱ 35.7 ዲግሪ ነበር፤ ጤነኛ ድመት 38 ተኩል ገደማ ነው። ልቡ በደቂቃ 104 ጊዜ ይመታል። ይህ ቁጥር ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም የፈራ፣ የታመመ ድመት ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ልቡ 180ም 220ም መምታት ነበረበት። በርዶ የመጣ፣ ልቡም ከ120 በታች የሚመታ ድመት ሽንቱ የተዘጋበት ከሆነ በደሙ ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን አደገኛ ደረጃ ላይ መድረሱን ያለ ላቦራቶሪ መገመት ይቻላል። ፊኛው ብርቱካን የሚያክል፣ ድንጋይ የመሰለ ነው። የብልቱ ጫፍ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ነጭ አሸዋ የመሰለ ነገር ታይቶበታል።

ሽንት ሳይወጣ ሲቀር ግፊቱ ወደ ኩላሊት ተመልሶ ማጣራቱን ያስቆማል። መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ደሙም አሲድ ይሆናል። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምት ይዘገያል፣ ይዛባል፣ በመጨረሻም ይቆማል። የሚገድለው የፊኛው መወጠር ሳይሆን ይህ ነው። ለዚህ ነው ሕክምናው ከቧንቧው ሳይሆን ከልቡ የሚጀምረው፤ ቧንቧውን ለመክፈት ተቸኩሎ ማደንዘዣ የተወጋ፣ ልቡ 104 የሚመታ ድመት ጠረጴዛው ላይ ይሞታል።

ደም ተቀድቶ ለሰው ወደሚሠራ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ውጤቱ የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፦ ፖታሲየም 8.7 ሚሊሞል በሊትር (እስከ 5.5 ጤነኛ ነው)፣ ክሬአቲኒን (ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) 11.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር (ከ2 በታች መሆን ነበረበት)። እስከዚያ መጠበቅ አላስፈለገም።

ልቡ ይቅደም

የተሠራው ሁሉ ማለት ይቻላል ከሰው ፋርማሲ በሚገኝ ዕቃ ነው፤ ይህ በክልል ከተማ ለሚሠራ ባለሙያ ጠቃሚ ስለሆነ በዝርዝር እንጽፈዋለን።

በፊት እግሩ ደም ሥር ላይ ቢጫው ካኑላ (በመርፌ የሚገባ ቀጭን ቱቦ)፣ ባለ 24ቱ፣ ገባ። ሪንገር ላክቴት የተባለ የደም ሥር ፈሳሽ 45 ሚሊሊትር በ15 ደቂቃ ውስጥ ተሰጠው፤ በኪሎ 10 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ሪንገር ጥቂት ፖታሲየም ስላለበት አንዳንዱ ባለሙያ ይሸሸዋል። መጠኑ በሊትር 4 ሚሊሞል አካባቢ ነው፤ 8.7 ላለው ደም ማቅጠኛ እንጂ መጨመሪያ አይሆንም፤ አሲዱንም ከተራው የጨው ውኃ ፈጥኖ ያስተካክላል። ሪንገር ከሌለ የጨው ውኃው ይበቃል፤ አንዱን ፍለጋ ሌላውን ማዘግየት ነው ስህተቱ።

ቀጥሎ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 በመቶ፣ 3 ሚሊሊትር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ እጅግ በቀስታ። መጠኑ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሊትር ነው። አንዱ ሰው ሲወጋ ሌላው ስቴትስኮፑን ደረቱ ላይ አድርጎ ምቱን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ምቱ በድንገት ከዘገየ መውጋቱ ይቆማል። ካልሲየሙ ፖታሲየሙን አንድ ነጥብ እንኳ አይቀንስም። የሚያደርገው ልብን ከፖታሲየሙ መከለል ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል። ሪንገሩ በሚፈስበት መስመር አብሮ አይገባም፤ ለዚያ ጊዜ መስመሩ ይዘጋል፣ በጨው ውኃም ይታጠባል።

ፖታሲየሙን ከደም ወደ ሕዋስ ውስጥ የሚመልሰው ግሉኮስ ነው። በየፋርማሲው የሚገኘው ባለ 40 በመቶው ግሉኮስ 5.5 ሚሊሊትር ተወስዶ፣ በጨው ውኃ እስከ 22 ሚሊሊትር ቀጥኖ፣ በቀስታ ተሰጠ፤ በኪሎ ግማሽ ግራም ስኳር ነው። ሳይቀጥን ቢሰጥ የድመትን ቀጭን ደም ሥር ያቃጥላል። ኢንሱሊን አልተጨመረም፤ ሌሊቱን በየሰዓቱ ስኳር የሚለካ ሰው ከሌለ ኢንሱሊን ድመቱን በሌላ መንገድ ሊገድለው ይችላል፤ ግሉኮሱ የራሱን ኢንሱሊን ስለሚያነሳሳ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጎን ለጎንም በጨርቅ የተጠቀለሉ የሞቀ ውኃ ጠርሙሶች በዙሪያው ተደረጉ።

በ25ኛው ደቂቃ ልቡ 152 ሆነ። አሁን ወደ ፊኛው መሄድ ይቻላል።

ውታፉን ማውጣት

በመጀመሪያ ግፊቱ ተቀነሰ። ድመቱ በጎኑ ተኝቶ፣ የሆዱ ፀጉር ተላጭቶ፣ ቆዳው በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ባለ 22 መርፌ በቀጭን ማራዘሚያ ቱቦ ከ20 ሚሊሊትር ስሪንጅ ጋር ተያይዞ ወደ ፊኛው ገባ፤ 90 ሚሊሊትር ጥቁር ቀይ ሽንት ወጣ። ማራዘሚያው የሚያስፈልገው ስሪንጅ ሲቀየር መርፌው እንዳይንቀሳቀስ ነው። የመጨረሻዋን ጠብታ ማሳደድ አያስፈልግም፤ የጎደለ ፊኛ ግድግዳው ከመርፌው ጫፍ ጋር ይፋተጋል። የተወጠረ ፊኛ መውጋት ያፈነዳዋል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀጭን መርፌ ከተሠራ አደጋው ትንሽ ነው፤ ከታች የሚገፋው ግፊትም ስለሚቀንስ ውታፉን፣ ማለትም ቧንቧውን የደፈነውን ነገር፣ ወደ ኋላ መመለስ ይቀላል።

ማደንዘዣው በጣም ጥቂት ነው፦ ኬታሚን በኪሎ 2 ሚሊግራምና ዳያዜፓም በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ በደም ሥር። ለነብሮ ከእያንዳንዳቸው 0.18 ሚሊሊትር ሆነ (ኬታሚኑ ባለ 50፣ ዳያዜፓሙ ባለ 5 ሚሊግራም በሚሊሊትር)። የድመት ሰውነት ኬታሚንን በብዛት የሚያስወግደው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ በቆመ ድመት ላይ የተለመደው መጠን ከተሰጠ ለብዙ ሰዓት አይነቃም። መጠኑ እንዲያንስ የረዳው ጅራቱ ሥር የተወጋው ሊዶካይን፣ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት፣ ነው፦ ባለ 2 በመቶው 0.5 ሚሊሊትር፣ ጅራት ከፍና ዝቅ ሲደረግ በሚገኘው የመጀመሪያው የሚንቀሳቀስ መጋጠሚያ ላይ፣ በባለ 25 መርፌ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጅራቱ ይለሰልሳል፣ ፊንጢጣው ይላላል፤ የሽንት ቧንቧው ጡንቻም አብሮ ይፈታል።

ከዚያ ብልቱን ከቆዳው አውጥቶ ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ጅራቱ አቅጣጫ መሳብ። ይህቺ እንቅስቃሴ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይሳብ ቧንቧው ታጥፎ ይቀራል፣ የሚገባው ካኑላ እጥፋቱን ውታፍ መስሎት ይገፋዋል፣ ይቀደዳልም። ጫፉ በጣቶች መካከል በቀስታ ሲታሽ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የሚያክል ነጭ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና የለሰለሰ ነገር ወጣ፤ ቀሪው ከውስጥ ነው። መርፌው የወጣለት ባለ 24 ካኑላ፣ በሊዶካይን ጄል ተቀብቶ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ገባ፤ የጨው ውኃ በ10 ሚሊሊትር ስሪንጅ በመገፋፋት፣ በማቆምና ደግሞ በመገፋፋት ተላከ። የሚከፍተው ውኃው ነው፤ ካኑላው የውኃ መግቢያ ብቻ ነው። በስምንተኛው ሙከራ የእጅ መቋቋሙ ድንገት ላላ፣ ሽንቱም በካኑላው ዙሪያ ፈሰሰ።

ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ሆኖ የቀረው የጨቅላ ሕፃናት መመገቢያ ቱቦ ቁጥር 4 ነው። ለስላሳ በመሆኑ ቧንቧውን አያቆስልም፤ ለማስገባት ግን ስለሚታጠፍ፣ ከነማሸጊያው ለግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ቢቆይ ይጠነክራል። ከመግባቱ በፊት ከብልቱ ጫፍ እስከ ፊኛው አንገት ተለክቶ ምልክት ተደረገበት፤ ረዝሞ የገባ ቱቦ ፊኛ ውስጥ ይቋጠራል። በፕላስተር ክንፍ ተሠርቶለት ከብልቱ ሽፋን ቆዳ ጋር በሁለት ስፌት ተያዘ። ፊኛው በለብታ የጨው ውኃ 30 ሚሊሊትር እየተደረገ አራት ጊዜ ታጠበ፤ አራተኛው ሮዝ ብቻ ነበር። የቱቦው ጫፍ በአዲስ የግሉኮስ መስመር ከባዶ ንጹሕ ከረጢት ጋር ተገጥሞ ከድመቱ በታች ተቀመጠ። አንገቱ ላይም ከራጅ ፊልም የተቆረጠ አንገትጌ ተደረገ፤ አለዚያ ቱቦውን በጥርሱ ያወጣዋል።

ከተከፈተ በኋላ ያለው ጎርፍ

ብዙ ድመት የሚጠፋው «ተከፈተ፣ አበቃ» ሲባል ነው። ግፊቱ የተነሳለት ኩላሊት ለተወሰነ ጊዜ ውኃ መቆጠብ አይችልም፤ ያገኘውን ሁሉ ይለቃል። ነብሮ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት 230 ሚሊሊትር ሸና፤ በሰዓት 38 ሚሊሊትር ገደማ፣ ጤነኛ ድመት ግን በኪሎ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሚሊሊትር ነው። የሚሰጠው ፈሳሽ በሰዓት 15 ሚሊሊትር ላይ ቢቀር ኖሮ እስከ ማታ በድርቀት ይወድቅ ነበር፤ አሁን በትክክለኛው ትርጉሙ ድርቀት።

የከረጢቱ ሽንት በየአራት ሰዓቱ ተለክቶ የሚቀጥለው አራት ሰዓት ፈሳሽ በዚያው ልክ ተደረገ። የማፍሰሻ ማሽን በሌለበት ጠብታ ይቆጠራል፦ 20 ጠብታ አንድ ሚሊሊትር በሚሆንበት ተራ መስመር፣ በሰዓት 38 ሚሊሊትር ማለት በደቂቃ 13 ጠብታ ነው፤ በሕፃናቱ መስመር (60 ጠብታ) በደቂቃ 38 ጠብታ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሽንቱ ወደ 9 ሚሊሊትር በሰዓት ወረደ፤ ፈሳሹም ቀስ በቀስ አብሮ ተቀነሰ።

ጎርፉ ፖታሲየሙንም ይዞት ይሄዳል። በ36ኛው ሰዓት 3.3 ሆነ። የተደረገው 20 ሚሊሞል ፖታሲየም ክሎራይድ ወደ አንድ ሊትር ሪንገር ጨምሮ፣ በደንብ አገላብጦ፣ በቀስታ ማፍሰስ ነው። የአምፑሉ ጥንካሬ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ መለያው ሳይነበብ አይጨመርም፤ በቀጥታ በደም ሥር ከተወጋ ደግሞ ትናንት ልቡን ሊያቆም የነበረው ፖታሲየም ዛሬ በመርፌ ገብቶ ያቆመዋል።

ለሕመሙ ትራማዶል በኪሎ 2 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ተሰጠ። በየቦታው እጅ ላይ የሚገኘው ዲክሎፌናክ አልተሰጠም፤ ኩላሊቱ በተጎዳ ድመት ላይ መልሶ የማይገነባ ነገር ያፈርሳል። ፀረ ባክቴሪያም አልተሰጠም፤ ይህ እመቤቲቱን አላስደሰታቸውም፦ «መርፌ ሳይወጋ እንዴት ይድናል?» ሽንቱ ከወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ቀይ ሕዋስ፣ ብዙ የስትሩቫይት (ከሽንት ማዕድናት የሚሠራ) ክሪስታል ነበረው፤ ባክቴሪያ አልታየም። በወጣት ወንድ ድመት የመዘጋት መነሻው ባክቴሪያ የሚሆነው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ቱቦ ውስጡ እያለ ያለ ምክንያት የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ መድኃኒት የተላመደውን ጀርም ብቻ መርጦ ያስቀራል። ሽንቱ በፍጥነት የታየበትም ምክንያት አለ፤ ውጭ ቀዝቅዞ የቆየ ሽንት በራሱ ክሪስታል ይሠራል፣ ያሳስታልም።

ቱቦው በ44ኛው ሰዓት ወጣ። ያን ማታ ድመቱ እንደገና ቁጢጥ እያለ ጠብታ በጠብታ መሽናት ጀመረ፣ ሁሉም ደነገጠ። ሆዱ ሲዳሰስ ፊኛው ትንሽ፣ ለስላሳ ነው፦ አልተዘጋም፤ የቆሰለ ቧንቧ ነው የሚያቃጥለው። ያቺ አንዲት ዳሰሳ ሁለተኛ ካቴተር አስቀረች። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጊዜ በደንብ ሸና። ክሬአቲኒኑ 1.9፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ ሆኖ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ለምን ነብሮ? ለምንስ አሁን?

ሦስት ነገር በአንድ ወር ውስጥ ተገጣጥሟል። የጎረቤት መጋዘን የአይጥ መርዝ አስቀመጠ፤ ቤተሰቡም ድመቱ የተመረዘ አይጥ እንዳይበላ ብሎ ከመጋዘኑ ዘጋበት። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቀኑን በጣራና በአጥር ያሳልፍ የነበረ ወንድ ድመት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሳፋ፣ ሴት ድመቶች ውጭ እየጮሁ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ጭንቀት የድመትን ፊኛ ያስቆጣል፤ የተቆጣ ፊኛ ንፍጥ መሰል ነገርና ደም ያመነጫል፤ ያ ነው ክሪስታሉን እንደ ጭቃ አያይዞ ውታፍ የሚሠራው።

ሁለተኛው ጾሙ ነው። በሁዳዴ ቤት ውስጥ ሥጋም ወተትም የለም። እመቤቲቱ ድመቱ በሽሮ እንዳይቀር አስበው ዘመድ ከአዲስ አበባ ደረቅ የድመት ምግብ እንዲልክ አደረጉ። ማሰባቸው ይመሰገናል፤ ድመት ሥጋ በል ነው፣ በሽሮና በእንጀራ ብቻ ከቆየ ታውሪን የተባለውን ከሥጋ የሚገኝ ንጥረ ነገር ያጣና ዓይኑም ልቡም ይጎዳል። ግን ሥጋ ከመቶው 70 ያህሉ ውኃ ሲሆን ደረቁ ምግብ ውኃው ከ10 ብዙም አይበልጥም። ድመት ደግሞ ውኃን ከምግቡ ማግኘት የለመደ እንስሳ ነው፤ የጎደለውን ያህል ጠጥቶ አያካክስም። ሽንቱ ይወፍራል፣ ማዕድናቱም ይጠራቀማሉ።

ሦስተኛው የውኃው ሳህን ከገለፈቱ ሳፋ አጠገብ መሆኑ ነው። ከመጸዳጃው አጠገብ የሚበላም የሚጠጣም ድመት የለም።

ወደ ቤት የተላከው

ደረቁ ምግብ አልተከለከለም፤ አንድ ሲኒ ምግብ በአንድ ሲኒ ለብ ያለ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ይሰጣል፤ ያደረ ይደፋል። ሌላው የተቀቀለ ዕንቁላል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጥቂት ጉበት፣ ያለ ጨው የተቀቀለ ሳንባ ከነመረቁ። ቤቱ ሲጾም ለድመቱ የተለየ ድስት ይጣድ ወይ የሚለውን እመቤቲቱ ራሳቸው ፈቱት፤ ድመት አይቆርብም ብለው። ወጥና ፍትፍት ግን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቁላልቶም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ጠቅላላው የቀን ውኃ፣ ምግቡ ውስጥ ያለው ተጨምሮ፣ ወደ 200 ሚሊሊትር ይጠጋል፤ ሦስት ሰፋፊ ሳህኖች በተለያየ ክፍል ተቀመጡ።

ገለፈቱ በወንዝ አሸዋ ተተካ። ገለፈት ካፌይንም ስላለበት ለሚልሰውና ለሚያኝከው እንስሳ ጥሩ አይደለም። ሁለት ሳፋ፣ በሁለት ጥግ፤ ጠዋት ጠዋት እርጥብ እብጡ ተቆጥሮ ይወጣል። ጤነኛ ድመት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሸናል። የጎረቤቱ መርዝ ድመት በማይገባበት ጠባብ ቀዳዳ ሳጥን ውስጥ እንዲሆን ከባለቤቱ ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ መጋዘኑም ቀን ቀን ተከፈተለት።

ንክሻው

አውራ ጣቱ የተነከሰው ልጅ ሰኞ ዕለት ስለ ራሱ ምንም አልተናገረም፤ የታወቀው ሐኪሙ «ድመቱ ሰው ነክሷል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ይህ ጥያቄ ለሚጮህና ለሚናከስ ድመት ሁሉ መጠየቅ አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ከድመትም ይመጣል፣ ነብሮም ተከትቦ አያውቅም። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ ነበረበት፤ በማግስቱም ቢሆን ታጠበ፣ ልጁም የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ጀመረ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቀዳዳው ትንሽ፣ ጀርሙ ጥልቅ ነው፤ ጣቱ እስከ ማታ አብጦ ስለነበር ፀረ ባክቴሪያም ታዘዘለት። ለድመቱ ያልተሰጠው ለልጁ አስፈልጓል።

ድመቱ ከንክሻው ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን ክትትል ላይ ሆነ፤ በእነዚያ ቀናት አልተከተበም። በ10ኛው ቀን እየበላ፣ እየሸና፣ በጤናው ተገኘ፤ የተከተበው ከዚያ በኋላ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ክብደቱ 4.5 ኪሎ ነበር። ሽንቱ ንጹሕ፣ ፊኛው ለስላሳ። መዘጋቱ ይመለስ እንደሆነ የሚያሳስበው ከሁሉ በላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተመለሰ ጠባቡን ጫፍ ቆርጦ ቧንቧውን ሰፋ ባለው ክፍል የሚከፍት ቀዶ ሕክምና አለ፤ ለነብሮ እስካሁን አላስፈለገም። እመቤቲቱ መጋዘኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ሚዛኑን አይደለም፤ አሸዋው ላይ ስንት እርጥብ እንዳለ ነው።